አገር ስጠኝ

የቤተሰብ ምሽት እንዴት ቢያልፍ መልካም እንደሚሆን በዚህ ገጽ ደጋግመን መነጋገራችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ልጆች ስለሚወዱት፥ ወላጆች ግን በጥርጣሬ ስለሚመለከቱት ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ጥቂት ላወጋችሁ አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ የምናገረው ጥይት ስለሚጮኽበትና ጣት እንጂ አሳብ ስለማይደክምበት ዓይነት አይደለም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በዓለም ዘንድ ስመ ጥር ስለነበሩት፥ ተጫዋቹ በዝግታ እየተዘዋወረ፥ ያየውን እያስተዋለ፥ የተቆለፈውን ሁሉ በማስተዋል ስለሚከፍትባቸው ጨዋታዎች ነው። ፈረንጆቹ የጀብዱ ጨዋታ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን በሥዕል የተሠራ እንቆቅልሽ ብላቸው ይቀለኛል።

አስቀድሜ ነገሩ ወደ ቤታችን የገባበትን ምክንያት ልናገር። የምንኖረው በሰቆጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ ከከተማውም ከገጠሩም ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል፤ መብራትና ስልክም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ኖሯል። እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን ወጥተን ተመለስን። ከዚያም በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ መጣ። ከእነዚያ መካከል አንዱ የባለቤቴ እኅት ልጅ ነበር። ዕድሜው ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው። በአገሩ ሳለ የአባቱን ፍየሎች ይጠብቅ ነበር፤ በደብሩም ከመሪጌታው ዘንድ ዜማ መማር ጀምሮ ነበር። ወላጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን የተጠለሉበት ስፍራ ጠባብ፥ የሚታደላቸውም እህል ጥቂት ስለሆነ፥ ልጁን ከእኛ ዘንድ እንዲያድር ሰጡን።

ልጁ ትሑትና ታዛዥ ነበረ፤ ግን አይናገርም። ሲጠሩት አቤት ይላል፥ ሲልኩት ይሄዳል፥ ሲሰጡት ይበላል፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ከአፉ አይወጣም። እኛም ጊዜ ይፈታዋል እያልን እንጠብቅ ነበር።

መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ከኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠን እንቆቅልሽ መጫወት ልማዳችን ነው። የጨዋታውን ሕግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የጠፋው ሰው አገር መስጠት አለበት። ጎንደርንም ቢሆን፥ ሐረርንም ቢሆን ይሰጣል። ጠያቂውም በተሰጠው አገር ገብቶ፥ እንደ ሹም ተኮፍሶ፥ ተሸናፊውን በቀልድ ካዋረደው በኋላ መልሱን ይናገራል። አንድ ማታ ታናሺቱ ልጄ ይህን ልጅ እንቆቅልሽ ጠየቀችው፤ መልሱም ጠፋው። እርስዋም እንደ ሕጉ «እንግዲያው አገር ስጠኝ» አለችው። ልጁ ጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ባለቤቴ ተከትላው ብትሄድ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ በጨለማ ተቀምጦ አገኘችው። ልጅቱ ምን እንዳጠፋች አላወቀችም፤ እኛም የዚያን ዕለት ማታ ልናስረዳት አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን እንቆቅልሽ መጠየቅ ቀረ።

በዚህ መካከል ትምህርቱን ጨርሶ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የበኩር ልጄ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና በውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን የሰጠውን አንድ ሲዲ ይዞ ገባ። የጨዋታው ስም «ሚስት» ነው ባለ ጊዜ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ፥ «ገና ሥራ ሳትይዝ ሚስት በሲዲ ታስገባለህ?» ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችው። ስሙ ግን ምሥጢር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር የተዛመደ ነው። እንዲህ ያሉትን አሮጌ ጨዋታዎች በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስኬድ፥ ስከም ቪኤም የተባለ፥ በጎ ፈቃደኞች ከፈረንጆቹ 2001 ጀምሮ እያሻሻሉ በነጻ የሚያድሉት ፕሮግራም መኖሩንም ልጄ ነገረኝ።

የዚህን ዓይነት ጨዋታ አመጣጥ ብንመረምር መነሻው የአንድ አባት ፍቅር ሆኖ እናገኘዋለን። ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በኬንተኪ ግዛት ማሞዝ የተባለውን ታላቅ ዋሻ የሚመረምር ሰው ነበር። ትዳራቸው ከፈረሰ በኋላ፥ ሴቶች ልጆቹ የሚጫወቱበት ነገር እንዲያገኙ ብሎ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ገደማ ያንን ዋሻ በቃላት ብቻ የሚያሳይ ጨዋታ ጻፈ። ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን ሂድ»፥ «መብራቱን ያዝ» እያለ በጽሑፍ ያዛል፤ ኮምፒዩተሩም የደረሰበትን ስፍራ በጽሑፍ ይነግረዋል። በማግሥቱ ዓመት ዶን ዉድስ የተባለ ሌላ ሰው አስፋፋው፤ ከዚያም ኮምፒዩተር ባለበት ሁሉ ተሰራጨ። በ1980 ሮበርታ ዊልያምስ የተባለች እናት ከባልዋ ከኬን ጋር ሆና በጽሑፉ ላይ ሥዕል ጨመረችበት። በእነርሱ ጨዋታዎች ተጫዋቹ በጥቂት ስሕተት በድንገት ይሞት ነበር። በ1990 ግን ሮን ጊልበርትና ጓደኞቹ «መንኪ አይላንድ» የተባለውን ሲያወጡ፥ ስሕተት ትምህርት እንጂ ቅጣት እንዳይሆን፥ ተጫዋቹ ያለ ፍርሃት እንዲሞክር አደረጉ።

በእጃችን የገባውን «ሚስት»ን ያዘጋጁት ራንድና ሮቢን ሚለር የተባሉ፥ የሰባኪ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የወጣው በ1993፥ ማለት እንደ እኛ አቆጣጠር በመስከረም 1986 ዓ.ም. ነው። ወደ 2,500 የሚጠጉ ሥዕሎች ተሰናድተውበታል። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠ ሲሆን፥ እስከ 2002 ድረስ በኮምፒዩተር ጨዋታ ሽያጭ የሚበልጠው አልነበረም።

ጨዋታው ሲከፈት ተጫዋቹ ራሱን በአንዲት ደሴት ላይ ብቻውን ያገኛል። ጠላት የለም፤ የሚያሳድድም፥ የሚያቻኩልም የለም። የማዕበልና የነፋስ ድምፅ፥ አንድ ቤተ መጻሕፍት፥ አንድ የሰዓት ማማ፥ የሰመጠች መርከብ፥ የተቆለፉ በሮች ብቻ አሉ። ሰዎቹ ወዴት ሄዱ? ይህ ስፍራ የማን ነበር? ተጫዋቹ ይህን የሚያውቀው የተዉትን ዕቃ በመመርመር፥ የጻፉትንም በማንበብ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ባዶ አገር ልጁን ያሳዝነው ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ ጥለውት የሄዱትን ቤት ቀስ ብሎ የሚመለከት፥ ማንም የማያባርረው ሰው መሆን እርሱን ደስ አሰኝቶት ኖሯል።

በመጀመሪያው ማታ ከኋላችን ቆሞ ዐየ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ማታ ግን በኩሩ ልጄ ዞር ቢል፥ ልጁ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ የደሴቲቱን ካርታ ሥሎ አገኘው። መንገዱ፥ ዛፎቹ፥ ማማው፥ እያንዳንዱ ማንሻ ያለበት ቦታ አንድም ሳይጎድል ተመልክቷል። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ያየውን ዱካ አይረሳም። በኩሩም አዲስ ደብተርና እርሳስ ሰጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የቤታችን ጸሐፊ አንተ ነህ» አለው። ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ ደብተሩን ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ምሽቱ የሁላችን ሆነ። አንዱ ማውሱን ይይዛል፥ ሌላው ያነብባል፥ ሌላው ይተረጉማል፥ ጸሐፊውም ይጽፋል። ብዙ ጊዜም ተሳስተናል። ለምሳሌ በሰዓቱ ማማ ላይ አንድ የታዘዘ ሰዓት መሙላት ይገባ ነበር። እኔ ዐዋቂ መስዬ «ይህ የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ አለበት» አልሁና ስድስት ሰዓት ጨምሬ አስሞላኋቸው። ሁለት ማታ ያህል በከንቱ ደከምን። በመጨረሻ ታናሺቱ ልጄ «አባዬ፥ ደሴቱ እኮ የእነርሱ ነው፤ ለምን በእነርሱ ሰዓት አናደርገውም?» አለችኝ። እንዳለችው ብናደርግ ተከፈተ። ሰው ወደ ሌላው ቤት ሲገባ የቤቱን ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ከልጄ ተማርሁ።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ነገር ልናገር፤ ለማስተማር የተነሣ ሰው ጥፋቱን መሸሸግ አይገባውምና። አንድ በር ለአምስት ቀን እምቢ አለን። ልጁ በደብተሩ ላይ ቁጥር እየጻፈ፥ እየሠረዘ፥ ደጋግሞ ይሞክር ነበር። እኔ ግን ትዕግሥት አጣሁና በስድስተኛው ቀን በሥራ ቦታዬ ተቀምጬ መልሱን በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት። ማታም ድንገት የታየኝ አስመስዬ «እስኪ ይህን ሞክሩ» አልሁ። በሩ ተከፈተ፤ ልጆቼም አጨበጨቡልኝ። ጸሐፊው ግን ፊቴን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ፥ ደብተሩን አጥፎ አስቀመጠና ሊተኛ ሄደ። ሦስት ማታም ከመካከላችን አልተቀመጠም።

በኩሩ ልጄ ለብቻዬ ጠርቶ፥ «አባዬ፥ መልሱን አይተውት ኖሯል፤ እርሱ ግን ሊደርስበት አንዲት ቁጥር ብቻ ቀርታው ነበር» ብሎ ደብተሩን አሳየኝ። እውነትም አንዲት ቁጥር ብቻ ነበረች። ያ ልጅ ቤቱንና መንደሩን በኃይል ያጣ ነው። እኔም በእጁ ሊገባ የነበረውን ትንሽ ነገር፥ የወደድሁት መስሎኝ፥ ቀደምሁበት። በአራተኛው ቀን ማታ በሁሉ ፊት፥ «መልሱን ያገኘሁት በራሴ አይደለም፤ ከስልክ ሰርቄ ነው፤ አንተ ልትደርስበት ነበርና ይቅር በለኝ» አልሁት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ ነገር ግን ተነሥቶ ደብተሩን አመጣና ከቦታው ተቀመጠ።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። በቀድሞ ጊዜ እነዚህን ጨዋታዎች የሚሠሩ ኩባንያዎች ፍንጭን በገንዘብ ይሸጡ ነበር። ሲዬራ የተባለው በስልክ ይመልስ ነበር። ኢንፎኮም የተባለው ደግሞ ፍንጩ በማይታይ ቀለም የታተመበት መጽሐፍ ያወጣ ነበር፤ ገዢው በልዩ ብዕር ሲቀባው አስቀድሞ ጥቂት ፍንጭ፥ ቀጥሎ ገለጥ ያለ፥ በመጨረሻም ሙሉው መልስ ይታያል። ዛሬ ግን መልስ ሁሉ ያለ ዋጋ በስልክ ላይ ተዘርግቷል። አባቶቻችን የእንቆቅልሽን ሕግ ሲሠሩ መልስ መጠየቅን አልከለከሉም፤ ነገር ግን ዋጋ ጣሉበት። መልስ የፈለገ አገር ይስጥ አሉ። አገር የሚያስከፍለውን መልስ ሰው ቶሎ አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ ይብስ ያስባል። የጨዋታው ትርፍም ያ አንድ ጊዜ ይብስ ማሰቡ ነው።

ስለዚህ በቤታችን ሕግ አወጣን። ሁላችን የተቸገርን እንደሆነ ፍንጭ የሚፈልገው በኩሩ ብቻ ነው፤ እርሱም ሙሉውን መልስ ሳይሆን አንዲት ቃል ብቻ ይነግረናል። ፍንጭ የጠየቀ ሰው ዋጋ ይከፍላል። ስለ ልጁ ብለን አገር የሚለውን ቃል ትተን፥ በምትኩ የቤት ሥራ አደረግነው፤ ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መፍለጥ፥ ዕቃ ማጠብ። እኔም ብዙ እንጨት ፈለጥሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ግን የዜማውን ማታ ነው። በደሴቲቱ ላይ ባለ አንድ እንግዳ መጓጓዣ ውስጥ እንደ ኦርጋን ያለ መሣሪያ አለ። በመጽሐፍ የተመለከቱትን አምስት ድምፆች በዚያ ላይ ሰምቶ፥ በሌላ ስፍራ ያሉትን አምስት መንሸራተቻዎች ከእነዚያ ድምፆች ጋር ልክ ለልክ ማስማማት ያስፈልጋል። በዓይን የሚታይ ምልክት የለውም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚፈርደው። በኩሩ ሞከረ፤ አልሆነም። እኔም ሞከርሁ፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ቀጭን ድምፅ፥ «ሦስተኛው ዝቅ ብሏል ጋሼ፤ ጥቂት ከፍ ያድርጉት» አለኝ። ማውሱን ለቀቅሁለት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን በአፍንጫው እያንጎራጎረ አንድ በአንድ አስማማቸው። ከዚያ ቀጥሎ ከምድር በታች ባለ ሐዲድ ላይ መንገዱን በድምፅ ብቻ ለይቶ መሄድ ነበረብን፤ እርሱንም የመራን እርሱ ነው። የአበርገሌ ፍየሎችና የመሪጌታው ዜማ ያሠለጠኑት ጆሮ በዚያ ማታ ሁላችንን ከጨለማ አወጣን። ከዚያ ማታ ወዲህ ልጁ መናገር ጀመረ፤ አስቀድሞ ስለ ጨዋታው፥ ቀጥሎም ስለ ፍየሎቹ፥ በኋላም ስለ መንደሩ።

በጨዋታው ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አንዱ በቀይ፥ ሁለተኛው በሰማያዊ መጽሐፍ ውስጥ ታስሯል። እያንዳንዱም የጎደሉትን ገጾች አምጥታችሁ አውጡኝ፥ ወንድሜን ግን አትመኑት ይላል። በቤታችን ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን። ባለቤቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ስትሰማ ቆይታ፥ «ሁለቱም አውጡኝ ይላሉ፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ወንድሜንም አውጡልኝ አላለም። እኔስ ሁለቱንም አላምናቸውም» አለች። ክርክሩ በዚሁ ተፈጸመ። መጨረሻውን ግን አልነግራችሁም፤ ልታውቁት የወደዳችሁ አገር መስጠት ይገባችኋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለቤተሰብ የሚሆነውን ምክር በአጭሩ ላቅርብ። አንደኛ፥ ጨዋታውን ልጅ ብቻውን በጓዳ ሳይሆን ቤተሰቡ በአንድነት ይጫወተው፤ አንድ ማውስ ለአምስት ሰው ይበቃል። ሁለተኛ፥ ጊዜው ይወሰን፤ እኛ ጸሎትና የትምህርት ቤት ሥራ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቅደናል። ሦስተኛ፥ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ደብተርና እርሳስ አይታጣ፤ የሚጽፍ ልጅ ያስተውላልና። አራተኛ፥ ከዚህ ዓይነት ጨዋታ መካከል ለልጅ የማይገባም ስለሚገኝ አስቀድሞ ወላጅ ይመልከተው። አምስተኛ፥ እናንተ ወላጆች ልጃችሁ ሊደርስበት የተቃረበውን መልስ አትቅደሙት።

በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት «ኩኩሉ»ና «ገበታ» የተባሉ የስልክ ጨዋታዎችን ማዘጋጀቱ የሚያስመሰግነው ነው። ክራውዘር የሚያውቀውን ዋሻ ለልጆቹ ጨዋታ እንዳደረገው ሁሉ፥ ከእኛም መካከል አንዱ ከሰቆጣ አጠገብ ያለውን ከዐለት የተፈለፈለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፥ የተከዜን ሸለቆና የኽምጣኛን እንቆቅልሽ አስተባብሮ አንድ ቀን እንዲሁ ያደርግ ይሆናል። ጸሐፊያችን ደብተሩን እየሞላ ነውና ማን ያውቃል።

ባለፈው ወር አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑም ባትሪ አለቀ። በኩራዝ ዙሪያ ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ ልጁ ድንገት «እንቆቅልሽ» አለ። ሁላችን ተያየንና «ምን አውቅልህ» አልነው።

«ስሄድ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ ስተኛ ከፊቴ ይቆማል፤ ልይዘው ብነሣ ግን መንገዱ ይረዝምብኛል።»

ታናሺቱ «ጥላ» አለች፤ አይደለም አላት። በኩሩ «ሕልም» አለ፤ አይደለም አለው። እኔም «ጨረቃ» አልሁ፤ ሳቀብኝ። «እንግዲያው አገር ስጡኝ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴን አየኋትና፥ «ሰቆጣን ሰጠንህ» አልሁት።

ልጁ ተቃንቶ ተቀመጠ። «ሰቆጣ ገብቼ» ብሎ ጀመረና፥ በኩሩን ዜማ በማይለይ ጆሮው፥ ታናሺቱን በመቻኮልዋ፥ እኔንም መልስ ከስልክ በመስረቄና ሰዓት መቍጠር ባለማወቄ አንድ በአንድ ተረበን። ሳቃችን ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መልሱን ነገረን። መልሱ «አገሬ» ነበር።

ሰቆጣን ከዚያ ማታ ጀምሮ አልመለሰልንም፤ እኛም መልስልን ብለን አልጠየቅነውም።